በረንዳ ላይ የሰቀልናት ብስክሌት

እኩዮቼ፣ ይህን የምጽፈው በእድር ስብሰባ፣ በሰንበቴና በለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር ለምንገናኘው ለእኛ ለአያቶች ነው። ልጆቻችን ማለዳ ወጥተው ማታ ስለሚገቡ የልጅ ልጆቻችንን ውሎ የምንወስነው እኛ ሆነናል። በሩን የምንከፍተው እኛ፣ የምንዘጋውም እኛ ነን። ስለዚህ ዛሬ የማነሳው ጥፋት የወጣቶቹ አይደለም። የእኛ የሽማግሌዎቹ ነው፤ ከሁላችሁም በፊት ደግሞ የእኔ ነው። ቃሌ ቢከብዳችሁ ስለ ዕድሜዬ ብላችሁ ታገሡኝ።

የዛሬ አራት ዓመት የልጅ ልጄ ሰባት ዓመት ሲሞላው አባቱ ቀይ ብስክሌት ገዛለት። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጁ መኪና በሚቆምበት ሜዳ ላይ፣ እኔ ኮርቻውን ከኋላ ይዤለት እየሮጥኩ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለመደ። የለቀቅኩት ቀን አይረሳኝም። ፊቱን ሳያዞር «አባባ፣ ይዘውኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ይዤሃለሁ» አልኩት፤ ያኔ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆኝ ነበር።

በዚያው ወር አንድ ቅዳሜ ከግቢያችን በር ላይ ሚኒባስ ወደ ኋላ ሲመለስ የጎረቤቴን ልጅ ገጨው። እግሩ ተሰብሮ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈ። ልጁ ብስክሌት እየነዳ አልነበረም፤ ዳቦ ተልኮ ሲመለስ ነው። እኔ ግን በዚያኑ ምሽት የልጅ ልጄን ብስክሌት ሦስት ፎቅ ተሸክሜ ወጣሁና በረንዳው ብረት ላይ በሽቦ አሰርኳት። ዝናብ እንዳይመታት ማዳበሪያ አለበስኳት። ልጁ ሦስት ቀን አለቀሰ። በአራተኛው ቀን እናቱ ስልኳን ሰጠችው። ከዚያ በኋላ አላለቀሰም።

ያ ዝምታ ሰላም መስሎኝ ነበር።

አሁን አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ባለፈው ጥቅምት ከትምህርት ቤት ይዤው ስመለስ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ቆመ። እኔ ጉልበቴን የሚያመኝ የ72 ዓመት ሽማግሌ ቀድሜው ደርሼ በር ላይ ጠበቅሁት። ግንባሩን ላብ አጥምቆት፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ «አባባ፣ ትንሽ ይጠብቁኝ» አለኝ። በሥራ ዘመኔ ነርስ ነበርኩ፤ 33 ዓመት የሰው ትንፋሽ ሳዳምጥ ኖሬያለሁ። ደንግጬ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ልቡም ሳንባውም ደህና ነው ተባልኩ። በሽታ የለበትም። ልጁ አራት ዓመት ተቀምጦ ነው የኖረው፤ ሌላ ምክንያት የለም።

በማግስቱ ብስክሌቷን አወረድኳት። ማዳበሪያው በፀሐይ ተበጣጥሷል፣ ካቴናው ዝጎ ተጣብቋል፣ ጎማዎቹ ተንፍሰው መሬት ላይ ተነጥፈዋል። ጎሚስታ ዘንድ ወስጄ ካላማዳሪውን አስለወጥኩ፣ ካቴናውን በዘይት አስለቀቅኩ፣ ፍሬኑን አስጠበቅኩ። ይዣት ስመጣ ልጁ ዓይኑን ከስልኩ አነሳና፣ እኔን ላለማስቀየም ይመስለኛል፣ ወርዶ ተቀመጠባት። ፔዳሉን ሲረግጥ ጉልበቱ መሪውን መታው። በሌላው እግሩ ሲረግጥ ያኛውም ጉልበቱ መታው። «አባባ፣ አነሰችኝ» አለና ወረደ። አላዘነም፤ አልተቆጣም። ወደ ስልኩ ተመለሰ። እኔ ብስክሌቷን ይዤ ሜዳው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሌላ ብስክሌት መግዛት ይቻላል። ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ያለውን ዕድሜ ግን እኔ ነኝ በሽቦ ያሰርኩት።

እኩዮቼ፣ ይህ የሆነው ልጆቹን ስለማንወድ አይደለም። ልጅ የምንጠብቀው ከምናውቀው ጠላት ስለሆነ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን የሕፃናት ክፍሉን አልጋ የሚይዙት ኩፍኝ፣ ተቅማጥ፣ የሳንባ ምችና የምግብ እጥረት ነበሩ። የ66ንና የ77ን ድርቅ ያየ ሰው የልጅ ጉንጭ ሞልቶ ሲያይ አንጀቱ ይርሳል። ክንዱ የቀጠነ ልጅ ካየን እንደነግጣለን፤ ደረጃ መውጣት ያቃተው ልጅ ስናይ ግን «እሰይ፣ ፋፍቷል» ብለን ሌላ ጉርሻ እንጨምርለታለን። ረሃብ ከአገራችን ጠፋ አላልኩም፤ ዛሬም ስንት ሕፃን ጦሙን ያድራል። ነገር ግን በአንዱ ቤት በልቶ ያልጠገበ ልጅ እያለ፣ ግድግዳ በሚለየው ጎረቤት ቤት በልቶ ያልተንቀሳቀሰ ልጅ አለ። ለሁለተኛው ዓይናችን ገና አልተከፈተም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ላብ የሚያወጣ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ይላል። አንድ ሰዓት ብቻ ነው። በእኛ ልጅነት ይህ ጊዜ ውኃ ተልኮ መመለሻ ነበር። ድርጅቱ በ146 አገሮች የሚኖሩ ታዳጊዎችን መረጃ ሰብስቦ ሲያይ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት ከመቶው 81ዱ ይህችን አንዲት ሰዓት እንደማያሟሉ ታወቀ። ይህ የፈረንጅ ልጆች ብቻ ጉዳይ የሚመስለው ካለ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ አንዱ ኮንዶሚኒየም ግቢ ገብቶ ሜዳውን ይይ። ልጆቹ ሜዳው ላይ የሉም። ሁሉም እቤት ናቸው።

ብስክሌት ለምን እንደመረጥኩ ልናገር። እግር ኳስም ሩጫም መልካም ነው። ብስክሌት ግን ልጁ ማንም ሳያስገድደው፣ ደከመኝ ሳይል፣ ሰዓቱን ሳይቆጥር የሚሠራው ሥራ ነው። ፔዳል ሲረገጥ ሥራውን የሚሠሩት የጭንና የመቀመጫ ጡንቻዎች ናቸው፤ በሰውነታችን ውስጥ ከእነዚህ የሚበልጥ ጡንቻ የለም። ትልቅ ጡንቻ ሲሠራ ብዙ ደም ይጠራል። ልብ ያንን ለማድረስ ትተጋለች፤ በየቀኑ ስትተጋ ትጠነክራለች፤ በአንድ ምት የምትገፋው ደም ይጨምራል፤ ልጁ ሲያርፍም ረጋ ብላ ትመታለች። የሚሠራ ጡንቻ ስኳሩን ከደም ውስጥ እየሳበ ያቃጥላል፤ ኢንሱሊንም በትንሽ መጠን ብዙ እንዲሠራ ያደርገዋል። እኔ ራሴ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፤ በ50 ዓመቴ ነው የጀመረኝ። እኔን የያዘኝ ዓይነት ሁለት የሚባለው ስኳር ድሮ የአዋቂ በሽታ ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ በታዳጊዎች ደም ውስጥ እየተገኘ ነው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ኢንሱሊን የሚወጉ ሕፃናት አብዛኞቹን የሚይዛቸው ዓይነት አንድ የሚባለው ነው፤ እሱ በመቀመጥም በመብላትም አይመጣም። በእነዚያ ልጆች እናቶች ላይ ጣት የምትቀስሩ ካላችሁ እባካችሁ ተዉ።

ሰውነቱ ለከበደ ልጅም ከብስክሌት የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም። ሲሮጥ ክብደቱ ሁሉ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ላይ ይወድቃል፤ ጓደኞቹ ቀድመውት ሲሄዱም ያፍራል። ኮርቻ ላይ ግን ክብደቱን ብስክሌቷ ትሸከምለታለች። ከእኩዮቹ እኩል ይሄዳል። እኩል መሄድ ለልጅ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

በዴንማርክ ኦዴንሴ የ9 እና የ15 ዓመት ተማሪዎችን ይዞ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አለ። ወደ ትምህርት ቤት በብስክሌት የሚመላለሱት ልጆች በልብና በሳንባ ብርታት ከላይኛው ሩብ ውስጥ የመገኘት ዕድላቸው በመኪና ወይም በአውቶብስ ከሚወሰዱት አምስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ስፖርተኛ ስለሆኑ ብቻ አይመስለኝም፤ መንገዱ ራሱ ሳያሠራቸው አልቀረም።

ይሁንና ብስክሌትን መድኃኒተ ሁሉ አላደርጋትም። አጥንት የሚጠነክረው መሬት ሲመታው፣ ሰውነትን ሲሸከም ነው። ብስክሌት ያን አታደርግም። ስለዚህ ልጁ ከኮርቻ ወርዶ ይዝለል፣ ይሩጥ፣ ገመድ ይዝለል፤ ልጃገረዶቹ ሰኞ ማክሰኞ ይጫወቱ። እኛ «ጫማሽን ጨረስሽው» እያልን የምንቆጣበት ጨዋታ ለአጥንታቸው ከሚጠቅሙት ነገሮች አንዱ ነው።

ስለ ዓይን ደግሞ ልንገራችሁ። የልጅ ልጄ መነጽር ካደረገ ሁለት ዓመት ሆነው። በቻይና ጓንግዡ በ12 ትምህርት ቤቶች ስድስት ዓመት ገደማ የሆናቸውን ልጆች ከፍለው፣ ግማሹን ትምህርት ቤቶች በየቀኑ ተጨማሪ 40 ደቂቃ ልጆቹን ከክፍል ውጭ እንዲያውሉ አደረጉ። ከሦስት ዓመት በኋላ የሩቁን አጥርቶ ማየት ያቃታቸው፣ እንደ ወትሮው ከተማሩት መካከል ከመቶ 40 ሊሞሉ ሲሉ፣ ውጭ ከዋሉት መካከል ወደ 30 ወረዱ። የቀን ብርሃንና ርቆ ማየት የልጅን ዓይን ይጠብቃሉ። ብስክሌት ላይ ያለ ልጅ ዓይኑ ሁልጊዜ ሩቅ ነው፤ ማዕዘኑን፣ ጉድጓዱን፣ ከፊት የሚመጣውን ሰው ያያል። ስልክ የያዘ ልጅ ዓይን የሚያርፈው ከአፍንጫው አንድ ክንድ በማይርቅ ነገር ላይ ነው።

ብርሃን ካነሳሁ ዘንድ አንድ የቆየ ጸጸቴን ልጨምር። እኛ ሕፃን «ምች ይመታዋል፣ ዓይን ያየዋል» ብለን በጋቢ ሸፍነን ከፀሐይ ስንደብቅ የኖርን ሕዝብ ነን። አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ በሚወጣበት አገር የፀሐይ እጦት በሽታ የሆነውን ሪኬትስ በእጄ ስዳስስ ኖሬያለሁ፤ የጎድን አጥንታቸው እንደ መቁጠሪያ የሚቆጠር፣ እግራቸው የተንጋደደ ሕፃናት። አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራና በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በሳንባ ምች ታመው የመጡ ሕፃናት ላይ ሪኬትስ ከጤነኞቹ በብዙ እጥፍ እንደሚገኝ አሳይቷል። በፍቅር ከፀሐይ ደበቅናቸው፤ ደረታቸው ላላ፤ ከዚያ በኋላ የፈራነው ምች ራሱ መጣ። ያንን ስሕተት በጨቅላው ላይ ሠርተናል። ዛሬ በአሥር ዓመቱ ልጅ ላይ እየደገምነው ነው የምለው ለዚህ ነው። ማዳበሪያ ያለበስኳት ብስክሌት በጋቢ ከተሸፈነው ሕፃን ምን ለያት?

«አንተስ፣ መንገዱን አላየኸውም?» የምትሉኝ አላችሁ። አይቼዋለሁ። ፍርሃታችን እውነተኛ ነው፤ ማንም እንዲያናንቀው አልፈቅድም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ5 እስከ 29 ዓመት ያለውን ሰው በመግደል ከየትኛውም በሽታ የመኪና አደጋ ይቀድማል፤ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰው በመንገድ ላይ ይሞታል። በሥራ ዘመኔ የተገጩ ልጆችን ደም አጥቤያለሁ። ስለዚህ ልጁን ከነብስክሌቱ ወደ አስፋልት ልቀቁት የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ መንገዱ አደገኛ ሲሆን ያሰርነው መኪናውን ሳይሆን ልጁን ነው። የጎረቤቴን ልጅ የገጨው ሚኒባስ ዛሬም በዚያው በር ወደ ኋላ ይመለሳል። የታሰረችው የእኔ ብስክሌት ብቻ ናት።

ሆላንዶች በዚህ ያለፉ ናቸው። በ1971 እ.ኤ.አ. በዚያች ትንሽ አገር 3,300 ያህል ሰው በመኪና አደጋ ሞተ፤ ከእነሱ ከ400 በላይ ልጆች ነበሩ። ልጁ የሞተችበት አንድ ጋዜጠኛ በጋዜጣ ጮኸ፤ እናቶችና አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው መንገድ ላይ ተቀመጡ፤ እንቅስቃሴያቸውን «የሕፃናት ግድያ ይቁም» አሉት። ዛሬ ሆላንድ ስትባል ሁላችንም ብስክሌት የምናስበው በተፈጥሯቸው ብስክሌተኛ ስለሆኑ አይደለም። በዚያ ዘመን የእነሱም ከተማ በመኪና ተውጦ ነበር። ወላጆች እምቢ ስላሉ ነው የተለወጠው። እነሱ ልጆቻቸውን ቀብረው ነው የነቁት፤ እኛ ከዚያ በፊት እንንቃ እላለሁ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ወላጆቻችን ለዚህ ነው።

ይልቅስ እቤት ውስጥ፣ በእጃችን ያለውን አደጋ ልንገራችሁ፤ ይህን ያየሁት በሕክምና ክፍል ነውና ዝም ብል ኃጢአት ይሆንብኛል። ለልጅ ልብስ ስንገዛ «ሲያድግ ይደርስበታል» ብለን ሰፊ እንገዛለን። ብስክሌት ግን እንዲህ አይገዛም። ልጁ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ የሁለቱ እግሮቹ ጣቶች መሬት መንካት አለባቸው፤ ካልነኩ መቆም ሲፈልግ ይወድቃል። ፍሬኑን በትንሽ እጁ ጨብጦ መያዝ ካልቻለ ያ ብስክሌት ለእሱ ፍሬን የለውም ማለት ነው። በነጠላ ጫማ አይንዳ፤ ቢያንስ ከኋላ የሚይዝ ጫማ ያድርግ። ታናሽ እህቱን ከኋላ ጭኖ እንዲሄድ አትፍቀዱ፤ የተንጠለጠለ የሕፃን እግር ጎማው ሽቦዎች ውስጥ ሲገባ ተረከዙ የሚሆነውን አይቻለሁ፤ በሥጋ ላይ የቀረ ቆዳ አልነበረም። ሱሪውን ካቴና እንዳይበላው በካልሲው ውስጥ ያስገባ። ሄልሜት የቅንጦት ዕቃ አይደለም፤ ከባድ የራስ ጉዳትን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ በብዙ ጥናት ተረጋግጧል። ግንባርን መሸፈን አለበት፤ ከቅንድቡ በላይ ሁለት ጣት ብቻ ይተርፍ፤ ማሰሪያው ከአገጩ ሥር ይጥበቅ። ወደ ማጅራቱ ተንሸራቶ የተቀመጠ ሄልሜት ግንባሩን ለአስፋልት አጋልጦታል። ደግሞም ብዙ ጭስ ካለበት ዋና መንገድ ዳር ባይነዳ ይሻላል፤ የሚተጋ ሳንባ አየሩንም ጭሱንም አብዝቶ ይስባል። የውስጥ ለውስጥ መንገድ ይመረጣል።

አሁን ደግሞ ብዙዎቻችን በሹክሹክታ ብቻ ወደምናነሳው ጉዳይ ልምጣ። ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ ስትወጣ «ክብሯን ታጣለች» የምንል አለን። በሽምግልና ወንበር ላይ ተቀምጠን ይህን የተናገርን አለን። 33 ዓመት በጤና ሙያ የቆየ ወንድማችሁ ሲነግራችሁ ስሙ፦ ድንግልና ኮርቻ የሚወስደው ነገር አይደለም። አካልን በማየት ድንግልናን ማወቅ ይቻላል የሚለው እምነት ራሱ የሳይንስ መሠረት የለውም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለው ምርመራ እንዲቆም የጠየቀው ለዚህ ነው። በዚህ ፍርሃት ስንት ልጃገረድ ቤት ቀርታለች። ባሕር ዳር የሄደ ሰው ያውቃል፤ ሴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው በብስክሌት ገበያ ይሄዳሉ። ክብራቸውም ትዳራቸውም ደህና ነው። ሴት ልጅ ጤና፣ ጠንካራ ልብና እርግጠኛ እግር ከወንድሟ እኩል ያስፈልጋታል፤ ነገ ደግሞ የምትወልደው እሷ ናት።

ብስክሌት ባዕድ ነገር ነው የሚል ካለም ይህን ያስታውስ፦ አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቻችን ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባን የምታስታውሱት ከእኔ በላይ ያላችሁ ታላላቆቼ ናችሁ። ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የብስክሌት ውድድር የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እኛ ራሳችንስ ስሙኒ ከፍለን፣ ከአከራዩ ፊት ተሰልፈን፣ ሜዳውን አንድ ዙር ለመዞር ቀኑን ሙሉ የምንጠብቅ አልነበርንም? ያቺ አንድ ዙር አይደለችም እንዴ ሳምንቱን ሙሉ የምናወራላት? ያንን ደስታ ቀምሰን፣ ለልጅ ልጆቻችን ሲደርስ በሽቦ አሰርነው።

በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ማብቂያ ላይ በአዲስ አበባ መንገድ ለሰው የተባለው ቀን ሲጀመር፣ አስፋልቱ ለመኪና ተዘግቶ ለልጆች ሲከፈት ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ትልልቁ መንገድ ላይ ጫማ የሚያንሸራትት፣ ብስክሌት የሚነዳ፣ ኳስ የሚያንከባልል ልጅ ሞላ። ያኔ ልጆቹ እንዳልሰነፉ አየሁ። ቦታ አጥተው ነው። ዛሬ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር የተሠራላቸው መንገዶች አሉ፤ ጥሩ ሥራ ነው፤ ይበል። ነገር ግን የሰባት ዓመት ልጅ ከቤቱ በር እስከዚያ መስመር ድረስ በምን ይድረስ? ልጅ የሚያስፈልገው ሩቅ መስመር ሳይሆን ደጁ ነው። ደጁ ደግሞ የመንግሥት ብቻ አይደለም። የእኛ ነው።

እኩዮቼ፣ እዚህ ላይ ልባችሁን ስጡኝ። ከመካከላችን አንድ ሰው ሲሞት ምን እናደርጋለን? እድሩ ድንኳን ይተክላል። መንገድ ላይ ይተክላል። ሦስት ቀን ሙሉ ያ መንገድ ይዘጋል። ታክሲው ይመለሳል፣ ባለ መኪናው ሌላ መንገድ ይፈልጋል፣ ጥሩምባ የሚነፋ የለም፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ይህን ሥልጣን ማን ሰጠን? ማንም አልሰጠንም፤ ስለምንከባበር ነው። ለሞተ ሰው ሦስት ቀን መንገድ መዝጋት የምንችል ሰዎች ለሕያው ልጅ እሑድ ከሰዓት ሁለት ሰዓት መዝጋት ያቅተናል? ወንበሩ አለን፤ ከሁለቱም ጫፍ አግዳሚ ወንበር ማጋደም ነው። ጠባቂ አለን፤ እኛው ጡረተኞቹ ነን፤ ምርኩዛችንን ይዘን ጫፍና ጫፍ እንቀመጥ። ወረዳው ይታወቅ፣ የትራፊክ ፖሊስ ይነገረው፣ ባለ መኪኖቹ ከሳምንት በፊት ይለመኑ። የግቢው ዘበኛም ልጅ ሲያይ «ውጣ ከዚህ» ማለቱን ይተው፤ እንዲያ እንዲል ያዘዝነው እኛው ነን።

ቀይዋን ብስክሌት ለታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ልጅ ሰጥቻታለሁ፤ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እግሯ መሬት ይነካል። ለልጅ ልጄ ከጡረታዬ እያጠራቀምኩ ነው፤ ያገለገለ ብስክሌት አግኝቼለታለሁ። ስልኩን ያስቀምጥ እንደሆነ አላውቅም፤ ቢያንስ መንገዱ ክፍት ሆኖ ይጠብቀው።

የእድራችን ወርሃዊ ስብሰባ በሚመጣው ወር የመጀመሪያው እሑድ ነው። ከሒሳብ ሪፖርቱ በኋላ ተነሥቼ የሁለት ሰዓቷን ነገር አቀርባለሁ። በየእድራችሁም ያላችሁ እንዲሁ አቅርቡ። እስከዚያ ድረስ በየበረንዳችሁ ተሰቅሎ ያለ ካለ ዛሬ ማታ ሽቦውን ፍቱና አውርዱት፤ የልጁ ጉልበት መሪውን ሳይመታ።